ምርጫው የተለወጠበት ምክንያት

«ተመስገን አምላኬ፣ እኔ የማላውቀውን አንተ አውቀህ መርጠህልኛል» እያለች ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ስትጸልይ እናትየው ሰማቻት። ዓርብ ጠዋት ነው፣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። መሃሏን መጋረጃ ገባበትና ሁለት መሰለች እንጂ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ይማርሽ» የምትልባት ቤት ናት። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትጸልየው፣ ግን ለዚያች መጋረጃ ዝቅ ያለ ድምፅ ምኗም አይደለ። «ጂኦሎጂን ከልቤ አውጣልኝ። ፋርማሲን አስወድደኝ። ገና አልወደድኩትም፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን እወደዋለሁ። ለእማም ዕድሜ ጨምርላት፣ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ።» እናትየው የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሌላ ቀን ልጇ ስትጸልይ ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ሁሉ እንደ ጋለ ካውያ አረፈባት። እንደ ልማዷ «አሜን» ልትል አፏን ከፈተች። አሜኑ አልወጣ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቷ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከባድ ነገር ሲገጥመው ዕጣ የሚያወጣ ሰው ነበር። በየወረቀቱ ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ባርኔጣው ውስጥ ይገባል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ አንዱ ይወጣል። ሕግ ነበረው፤ የጻፈ አያወጣም፣ ያወጣ አይጽፍም። ያልወጡት ወረቀቶች ደግሞ ሳይከፈቱ ይቃጠላሉ። «እሱ ያልሰጠንን እያነበብን ልናኮርፍ ነው?» ይል ነበር። አንድ ጊዜ ዕጣው ቧንቧ ካለው ሰፊ ቤት አውጥቶ እዚህ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ሌሊቱን ሞተር የሚጮኽበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲወረውራቸው፣ ያን ቀን ከሰዓት ቃል ሳይተነፍስ ዕቃውን ጫነ። እሱ ካረፈም በኋላ ሚስቱ ልማዱን አልተወችውም። ባርኔጣው እስከ ዛሬ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። መንፈቁ ሲያልቅ ሁሉም ተማሪ ዋና የሚያጠናውን፣ ሜጀር የሚሉትን፣ እና አብሮት የሚሄደውን ማይነር ፎርም ላይ ሞልቶ እስከ ዓርብ አስር ሰዓት እንዲያስገባ ተነገረ። ልጅቷ ልቧ ያለው ጂኦሎጂ ላይ ነው። አንድ አስተማሪ ድንጋይ በመዶሻ ፈልጦ ውስጡን ካሳያቸው ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ያን ዕለት እጇን ተጭራ መጥታ፣ ራት ሳትነካ፣ «እማ፣ ድንጋይ እኮ ታሪኩን በሆዱ ይዞ ነው የተቀመጠው» እያለች ስታወራ አመሸች። «ድንጋይ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል፣ እንደተቀመጠ አይደል የሚኖረው?» ብላ እናትየው ስቃባታለች። የመስኮቱን ደፍ ግን በድንጋይ ሞላችው፣ እናትየው በገዛችላት ፕላስተርም በየድንጋዩ ላይ ስም ለጠፈችበት። እናት በበኩሏ ፋርማሲ አለች። አጎትየው ደግሞ ከሩቅ ስልክ ደውሎ «ኮምፒውተር ይሻላል፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ነው» አለ። ሦስት ሆነ። ሦስት ሲሆን ደግሞ ባርኔጣው ከምስማሩ ይወርዳል።

ባለፈው እሁድ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከች። እናት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ ወረቀት አሰልፋ እስክሪብቶ አነሳች። በአንደኛው ላይ ፋርማሲ ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ላይ ጂኦሎጂ ልትል ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ያኔ ልጅቷ ያመጣችው የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ወረቀት ትዝ አላት፤ በየዓመቱ ስድስት ሳምንት መስክ፣ በድንኳን፣ ከከተማ ርቆ። ሲመረቁማ ጭራሽ የት እንደሚሄዱ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቀና ስትል የወንድ ልጇን አልጋ አየች። እሱ «ለስድስት ወር ነው» ብሎ ለሥራ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲደውል «ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ» ይልና መስመሩ ይዘጋል። አልጋው ላይ አሁን የታጠበ ልብስ ይታጠፍበታል። እናትየው እጇን ሳትወድ ጎተተችውና ፋርማሲ ብላ ጻፈች። ሦስተኛውንማ እጇ ራሱ ጻፈው። ከዚያ ሦስቱንም ጠቅልላ ባርኔጣው ውስጥ ከተተችና፣ ይቅር ይበላትና፣ «በል አምላኬ፣ ፈቃድህን አሳየን» ብላ ጮክ ብላ ጸለየች።

ልጅቷ አንዱን አወጣች። ፈታችው። «እሺ» አለች። አላለቀሰች፣ አልተቆጣች። ተነስታ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሰብስባ በጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጋ አልጋ ሥር ገፋቻቸው። የቀሩትን ሁለት ወረቀቶች ልታቃጥል ክብሪት ስታነሳ እናትየው ከእጇ ነጠቀቻት። «ተይ፣ እኔ አቃጥላቸዋለሁ።» አላቃጠለቻቸውም። ለሥራ የምትለብሰው ጋውን ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ቢቃጠሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፣ ማንም አያውቅባትም። ለምን እንዳላቃጠለቻቸው እሷም አታውቅም።

ልጅቷ ጸሎቷን ጨርሳ ወጣች። ፀጉሯን አስራለች፣ ፊቷን ታጥባለች፣ ለታመመ ሰው የሚያሳዩትን ዓይነት ደስ የሚል ፊት ይዛለች። ተቀምጠው ዳቦ በሻይ በሉ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ መጣራት ጀምረዋል።

«ትንሹንስ ሞላሽው?» አለች እናትየው። ማይነር የሚሉትን እሷ ትንሹ ነው የምትለው።

«ገና ነኝ። እዚያው አስብበታለሁ።»

«ያንን የድንጋዩን አታደርጊውም? ትልቁ አንዴ ከታወቀ፣ ትንሹ ላይ ምን አለበት?»

ልጅቷ ሻይዋን አስቀመጠች። «አይ እማ። እሱ በፊት ለፊቱ በር አይሆንም ያለኝን እኔ በጓሮ በር ላስገባው?» አለችና ሳቅ አለች። «ይልቅ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ የወላጅ ፊርማ ይላል።»

ፎርሙ ላይ ሜጀር ከሚለው ፊት ለፊት ፋርማሲ ተብሎ በልጅቷ የሚያምር ጽሕፈት ተጽፏል። እናትየው ፈረመች። ሃያ ዓመት ሙሉ የደመወዝ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ፊርማ ስትፈርም የኖረች ሴት፣ ዛሬ ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰላት። ልጅቷ ጉንጯን ስማት ወጣች። ደረጃው ላይ ኮቴዋ እየራቀ ሲሄድ እናትየው የመስኮቱን ደፍ አየች። ድንጋዮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ክብ ምልክት ቀርቷል። ጨርቅ አንስታ ልትወለውለው ሄደችና ጨርቁን መልሳ ሰቀለችው።

የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ምድር ቤት። ሁለት ትልልቅ ማሽን አለ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ከተበላሸ ቆየና አሁን ሻንጣ ያስቀምጡበታል። በረኪናው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አንዲት መስኮት አለች፣ ከጣሪያው ሥር፣ በውጭ በኩል ግን ከመሬት እኩል ናት፤ በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እናትየው የሆስፒታሉን ሰው ሁሉ በጫማው ታውቀዋለች። ሥራዋ ልብሱ ማሽን ከመግባቱ በፊት ኪስ መፈተሽ ነው። እስክሪብቶ፣ ቁልፍ፣ ማስቲካ፣ የአስቤዛ ዝርዝር፣ አንዳንዴ ፍቅር ነገር የተጻፈበት ወረቀት። ያገኘችውን ሁሉ በቆርቆሮ ጣሳ ታኖራለች፣ ባለቤቱ ሲመጣ ትመልሳለች። አንዲት መርፌ ቁልፍ ለራሷ ያስቀረችበት ቀን የለም። ስለዚህ ከዋናው ሐኪም እስከ ዘበኛው ድረስ ስሟን ትተው «ባለአደራ» ነው የሚሏት። ይህን ስም በጣም ትወደው ነበር። ከእሁድ ወዲህ ግን በተጠራች ቁጥር ዞር ብላ ማየት ያስፈራታል።

አብራት የምትሠራው ተኳሿ ናት። ካውያ ላይ ቆማ የምትውል፣ አፏ የማያርፍ፣ ክንደ ብርቱ ሴት። አዲስ ሰው «ተኳሿ ጋ ሂድ» ሲባል ይደነግጣል። ያን ጠዋት እናትየው አንሶላና ጋውን ስትለይ፣ የአስራ አራት ጋውን ኪስ ፈትሻ አስራ አምስተኛው ላይ ስትደርስ፣ እጇ ሳታውቀው የራሷ ኪስ ውስጥ ገባና ሁለቱን ጥቅል ወረቀቶች አወጣ። መዳፏ ላይ አድርጋ ታያቸው ጀመር።

«ጭራሽ የራስሽን ኪስ መበርበር ጀመርሽ?» አለቻት ተኳሿ። «አገኘሽ እንዴ የጠፋ ነገር?»

«አገኘሁ» አለች እናትየው፣ መልሳም ከተተችው።

አራት ሰዓት ላይ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ቡናማ ጫማ በመስኮቷ አለፈ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ልጅ ዘግይቶ የወለደ ሰው። ደረጃውን ወርዶ በሩ ላይ ቆመና አንገቱን አሰገገ።

«ባለአደራ፣ እንዴት አደሩ? አንድ ነገር ጠፍቶብኝ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ይችን የምታህል።»

ጣሳዋን ከፈተች። ሰኞ ዕለት ያገኘችው ነው። ወረቀቱን ፈታ ስታሳየው ውስጡ አንዲት የወተት ጥርስ ነበረች። ሰውዬው ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። «ልጄ ናት። አስቀምጥልኝ ብላ ሰጠችኝ። አራት ቀን ሙሉ ‹የት አደረስካት?› ስትለኝ ‹ደህና ቦታ ናት› እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ። ማታ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

«እንግዲህ ውሸትዎ እውነት ሆነልዎ፣ ደህና ቦታ ነበረች» አለች ተኳሿ ከእንፋሎቱ መሃል። ሰውዬው ሳቀ። እናትየው አልሳቀችም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለእሷ ዶክተር ነውና፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ይሄ የፋርማሲ ሥራ ጥሩ ነው?»

«ልጅዎ ልትገባበት ነው?» አለና አሰብ አደረገ። «ጥሩ ነው። ጥሩነቱ ማታ ማታ ቤት መግባት ነው። እኔን እናቴ ናት የመረጠችልኝ። መርከበኛ እሆናለሁ እያልኩ ሳስቸግራት፣ ከጎኔ እንዳትርቅ ብላ።»

«እና?»

«እና አልራቅኋትማ። እሷ ሄደች እንጂ።» ጥርሷን በደረት ኪሱ ከተተ፣ ከላይ በእጁ ዳበስ አደረጋት፣ አመስግኖ ወጣ። ቡናማው ጫማ በመስኮቷ ተመልሶ አለፈ።

እናትየው ማሽኑ ሲዞር እያየች ተቀመጠች። እስከ ዛሬ ለራሷ ስትነግር የኖረችው ሌላ ነበር፤ ለልጄ እንጀራ ብዬ ነው፣ የእናት ልብ ነው፣ እግዜርም ቢሆን ያውቅልኛል ትል ነበር። አሁን እውነቱን ከሰው አፍ ሰማችው። ለእንጀራ አልነበረም። ያ ባዶ አልጋ ሁለት እንዳይሆንባት ነው። ማታ ስትገባ ቤቱ ጨለማ እንዳይሆን፣ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የሚላት እንዳታጣ ነው። ይህንን ለልጇ ብትነግራት ኖሮ ልመና ይሆን ነበር። ልመናውን አፈረችና በእግዜር አፍ አዘዘቻት። ልጅቷ ደግሞ አምና ተቀብላ፣ ይኸው ተንበርክካ ታመሰግናለች። እናትየው ይህን ስታስብ የገዛ አፏ የኮሶ ያህል መረራት። የምሳ ሰዓት ሆኖ ተኳሿ ሳህን ስታቀርብላት አልበላም አለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች። «አሞኝ ነው፣ ልሂድ» ልትል ከጀለችና ቃሉን ዋጠችው። «አላመመኝም» አለች። «ልጄን በድያታለሁ። እስከ አስር ሰዓት ካልደረስኩ አይቃናም።»

ተኳሿ ካውያውን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችም። «ሂጂ» አለቻት። «ኪሱን እኔ እፈትሽልሻለሁ። ግን እንዳንቺ ለሰው እመልሳለሁ ብለሽ አትጠብቂ።»

ሁለት አውቶቡስ ነው የሚያስኬደው። በአንደኛው ቆማ፣ በሁለተኛው አንድ ጎረምሳ ተነስቶላት ሄደች። ልትጸልይ ሞከረች። ሌላ ጊዜ ጸሎት አይቸግራትም፣ ድስት ስትፍቅም፣ አንሶላ ስታጥፍም ትጸልያለች። ያን ቀን ግን «አምላኬ» ብላ ከጀመረች በኋላ መቀጠያ አጣች። በስሙ ነው የዋሸችው። ሰው በስሙ የዋሸበትን ጌታ ደግሞ መልሶ ምን ብሎ ይጠራዋል? ዝም ብላ በመስኮት አየች። ሱቆች አለፉ፣ ጫማ ጠራጊዎች አለፉ፣ የግንብ አጥር አለፈ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስትደርስ ነው ጋውኗን እንዳላወለቀች ያስተዋለችው። ዘበኛው ሠራተኛ መስላው በእጁ እለፊ አላት። ግቢው ሰፊ ነው፣ ወጣቱ በየሣሩ ላይ ተዘርግቷል፣ ሁሉም ፎርም ይዟል። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ሮጣ መጥታ «እትዬ፣ ላብራቶሪው ተከፈተ?» አለቻት። «እንጃ የኔ ልጅ፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ» አለችና ስለ ልጇ ጠየቀቻት። ባለመነጽሯ ታውቃታለች። «ፎርሟን እኮ በጠዋት አስገብታለች፣ ከሁላችን ቀድማ። አሁን ፋርማሲ ሕንጻ ጋ ያየኋት መሰለኝ» አለቻት። አስገብታለች።

የፋርማሲው ሕንጻ መተላለፊያ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። መጨረሻው ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ልጇ እዚያ ሰሌዳው ሥር ለብቻዋ ቆማ፣ ደብተሯን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትጽፋለች። ጠጋ ስትል የምትጽፈው ታያት። የሁለተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪዎች የሚያነቧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ነው። አንድ በአንድ፣ ቁጥር እየሰጠች፣ ለመውደድ እየታገለች ትገለብጣለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሳለች።

«እማ! ምን ሆንሽ? ምን ተፈጠረ?» ልጅቷ ጋውኑን ስታይ ክፉ ወሬ መስሏት ደነገጠች።

እናትየው መንገድ ሙሉ ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ኪሷ ገብታ ሁለቱን ወረቀቶች አወጣችና ዘረጋችላት። ልጅቷ ወረቀቶቹን አወቀቻቸው። «አላቃጠልሻቸውም እንዴ?»

«ክፈቻቸው።»

«አባቴ አይከፈትም ይል የለ?»

«ክፈቻቸው የኔ ልጅ። እኔ ነኝ የምልሽ።»

ከፈተቻቸው። አንዱን አነበበች። ሌላውን አነበበች። መልሳ የመጀመሪያውን አነበበች፣ የተሳሳተች መስሏት። መተላለፊያው ውስጥ የሆነ በር ተከፍቶ ተዘጋ። እናትየው ልጇን ማየት ስላልቻለች ጫማዋን አየች። ሸራ ጫማ ነው፣ ቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ሊቀደድ ያለ።

«ሦስቱንም?» አለች ልጅቷ።

«ሦስቱንም።»

«ስለዚህ እሱ ምንም አላለም።»

«አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። እንዳትሄጂብኝ ነው። ወንድምሽ ሄደ፣ አንቺ ደግሞ በድንኳን...» ልትቀጥል አልቻለችም። «ለእንጀራሽ ብዬ አይደለም። እሱን ልበልሽ ብዬ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። ለኔ ነው።»

ልጅቷ ብትጮኽ በተሻላት። ብታለቅስም አብረው ባለቀሱ። እሷ ግን በጣም ቀስ ብላ፣ «አምስት ቀን ሙሉ ስጸልይ ነበር፣ እማ» አለች። «ሰኞ ማታ ተጣልቼው ነበር። ለምን አልኩት። ማክሰኞ ይቅርታ ጠየቅሁት። ትናንት ነው ገና የታረቅነው። አንቺ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነሽ ትሰሚኛለሽ።»

ይህንን ነበር እናትየው ያላሰበችው። የሰረቀችው ጂኦሎጂን ብቻ መስሏት ነበር። ሰዓቷን አየች፣ ዘጠኝ ከሃያ ይላል። «እስከ አስር ይለወጣል?» አለች። «ጠይቀን እንይ። እለምናቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።» ልጅቷ ደብተሯን ዘጋች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ ቀድማት ሄደች። እናትየው ከኋላዋ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ ተከተለቻት። ልትጠጋት አልደፈረችም።

ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሰባት ሰው ተሰልፏል። በመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ጸሐፊ ጎልማሳ ነው፣ ከጎኑ ፔርሙስ፣ ከፊቱ ማኅተም፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ምርጫ ሲቀበል ውሎ የደከመ። ከፊታቸው ያሉት ሁለት ጓደኛሞች «አንተ የሞላኸውን እሞላለሁ አልኩህ እኮ» እየተባባሉ ይስቃሉ። የግድግዳው ሰዓት ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል።

«መለወጥ ይቻላል» አለ ጸሐፊው፣ የልጅቷን ፎርም ከክምሩ መዞ ካወጣ በኋላ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ብትመለሺ አላውቅሽም። ወላጅ እንደገና መፈረም አለበት...»

«አለሁ» አለች እናትየው፣ ከኋላ።

«...ከታች ደግሞ ምርጫው የተለወጠበት ምክንያት ይላል፣ እሱ ባዶ አይታለፍም።» እስክሪብቶውን አነሳ። «ምክንያት?»

እናትየው ወደ መስታወቱ ጠጋች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ እንደሚሰማ ታውቃለች፣ የጋውኗ በረኪና እንደሚሸትም ታውቃለች። «እናቷ ዋሽታት ነው ብለህ ጻፍ» አለች።

ጸሐፊው ቀና አለ። «እናቴ፣ እንዲህ ተብሎማ አይጻፍም። የመንግሥት ወረቀት ነው። ‹በራሷ ፍላጎት› ብዬ ላድርገው?»

«እውነቱ እሱ አይደለም።»

«ቢሆንም...»

«ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለች ልጅቷ። ፎርሙን በመስታወቱ ሥር ተቀበለች። አዲሱ መስመር ላይ ጂኦሎጂ ብላ ጻፈች። እጇ አልቸኮለም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ጸሐፊው ደግነት በተሞላበት ድምፅ።

«አይደለሁም» አለች። «ግን ይሁን።»

ከዚያ ምክንያት ወደሚለው ወረደች። አሰበች። እናትየው ስሟ እዚያ እስኪሰፍር ጠበቀች፣ ይገባኛል ብላ ራሷን አዘጋጅታለች። ልጅቷ አንዲት አጭር መስመር ጻፈችና የወላጅ ፊርማ ወደሚለው እያመለከተች ለእናቷ ገፋችላት። እናትየው ስትፈርም አነበበችው። «አስቀድሞ ስላልተጠየቅሁ» ይላል።

ደጋግማ አነበበችው። ስለ ዕጣው የለም፣ ስለ ወረቀቶቹ የለም። ውሸቱን እንኳ አላነሳችውም። ያኔ ነው ለእናትየው የገባት። ሦስቱን ወረቀት በሦስት ስም ብትጽፋቸውም ኖሮ፣ ዕጣው ያለ እንከን ቢወጣም ኖሮ፣ አንድ ቀን ልጇን ፊት ለፊት አስቀምጣ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? እኔ ደግሞ ምን እንደሚያስፈራኝ ልንገርሽ» ብላት አታውቅም ነበር። ባርኔጣውን ነበር የጠየቀችው።

«ማይነሩስ?» አለ ጸሐፊው። «እዚህ ስታቲስቲክስ ይላል። ይቀጥል?»

ልጅቷ እስክሪብቶውን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች። እናትየው ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ግድግዳውን፣ የሌሎች ዓመታት ማስታወቂያዎች ተቀድደው ጥጋቸው ብቻ የቀረበትን ግድግዳ፣ ትመለከት ጀመር። ሃያ ዓመት የሰው ኪስ ስትፈትሽ የኖረች ሴት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቅ ሰማች። ከዚያ ማኅተሙ ሲያርፍ ሰማች።

ወደ ቤት ሲሄዱ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቦታ ተገኘ። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ሁለቱን ወረቀቶች እስካሁን በእጇ ጨብጣለች። እናትየው ይቅርታ ልትል ነበር፣ ግን ይቅርታ መጠየቅም ከልጅቷ ሌላ ነገር መውሰድ መሰላት፤ «ይሁን» የምትል ቃል ከአፏ መጎተት። ስለዚህ ይቅርታውን ለጊዜው ለራሷ አቆየችው። መናኸሪያው ሊደርስ አንድ ፌርማታ ሲቀር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደማታውቀው ሰው ተጠንቅቃ፣

«ትንሹን ምን አደረግሽው?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ ግንባሯን ከመስታወቱ አላነሳችም። ረዳቱ በሩን ከፍቶ መጣራት ጀመረ፣ ሰው ተነሳ፣ ዕቃ ተነሳ።

«ነገ ጠይቂኝ፣ እማ» አለች።